ኅብረ ብርሃን በሸማ ጥለት ላይ
የሊሊፓድ ሰሌዳ፣ ባለሦስት ኅብር መብራቶች፣ በብር የተለበጠ ክር፣ የጥጥ ሸማ

እናቶች ጥጡን በእንዝርት ፈትለው፣ ሸማኔውም ድርና ማጉን አዋሕዶ ሸማውን በሚያበጅበት፣ በድጓ ጉባኤዋ በከበረችው የቤተ ልሔም አገር በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴም ላደገ ተመልካች የዚህ ሥራ መሠረት እንግዳ አይደለም፤ አዲስ የሚሆንበት፣ ልብሰ ተክህኖን ሲያስጌጥ የኖረው የብር ክር እዚህ የኤሌክትሪክ ኃይልንና የትእዛዝን ቃል ተሸክሞ መገኘቱ ነው።

ትእዛዙ የሚነሣበትንና በጨርቅ ላይ ይሰፋ ዘንድ የታሰበውን ይህን የሊሊፓድ ሰሌዳ የፈለሰፈችው አሜሪካዊቱ ሊቅ ሊያ ቢክሊ ስትሆን፣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

መብራቶቹን ጠጋ ብሎ ያየ በእያንዳንዱ መብራት ጠርዝ አራት ቀዳዳዎችን ያገኛል፤ ሁለቱ ለኃይል፣ አንዱ ለትእዛዝ መግቢያ፣ አንዱም ለመውጫ ሲሆኑ፣ አጠገባቸው የታተመችው ቀስት ልብስ ሰፊው አቅጣጫውን እንዳይስት ትመራዋለች። ከሰሌዳው የሚነሣው ትእዛዝ በረድፍ ሲጓዝ፣ የፊተኛው መብራት የራሱን ድርሻ አስቀርቶ የተረፈውን ለሚከተለው ያሳልፋልና፣ በአንድ የትእዛዝ መስመር የተያያዙት ሁሉ የየራሳቸውን ኅብር ይለብሳሉ፤ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ብርሃን እያንዳንዳቸው በ256 ደረጃ እየተቀየጡ ከ16 ሚሊዮን የሚበልጡ ኅብራትን ያስገኛሉ።

የእጅ ሥራን ክብር ለሚያውቅ ግን፣ ከብርሃኑ ይልቅ የጨርቁ ጀርባ ሊመረመር ይገባዋል፤ ሁለቱ የኃይል ክሮች ቢነካኩ መብራቱ ሁሉ ይጠፋልና ተራርቀው ተሰፍተዋል፤ ክሩም ከመዳብ ሽቦ ይልቅ ኃይልን ስለሚገታና የራቁትን መብራቶች ስለሚያደበዝዝ ተደርቦ ተሰፍቷል፤ ቋጠሮዎቹም እንዳይፈቱ በሙጫ ተይዘዋል።