ጸጉረ ልውጥ ስሞች፦ የተጠቃሚ አካውንት አጭር ታሪክ

በቤት ኮምፒውተሩ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር የከፈተ ሰው እርሱ ያልፈጠራቸው ስሞች ሊያጋጥሙት ይችላሉ፦ «አድሚኒስትሬተር»፣ «ጌስት»፣ «ዲፎልት አካውንት»፣ «ደብሊው ዲ ኤ ጂ ዩቲሊቲ አካውንት»። ጸጉረ ልውጥ ሰው ሲያይ ለቀበሌ እንዲያሳውቅ ሲነገረው ላደገ ትውልድ የመጀመሪያው ስሜት ድንጋጤ፣ ሁለተኛው ስሞቹን የመሰረዝ ፍላጎት ቢሆን አያስደንቅም። የስሞቹ ታሪክ ግን ሥጋታችን አቅጣጫውን እንደሳተ ያሳያል። በመዝገብ የሰፈረ እንግዳ ማንነቱና ሥልጣኑ ሊጠየቅ ይችላል፤ ከባዱ አደጋ ስሙን ሳያስመዘግብ የሚገባው ነው።

«አካውንት» የሚለው ቃል የሒሳብ መዝገብ ቃል መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ብዙ ሰዎች አንድን ኮምፒውተር በጊዜ ክፍፍል የሚጋሩበትን ሥርዓት ለዕይታ አቀረቡ። የኮምፒውተር ሰዓት ውድ ነበርና ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ኮታ ተመደበለት፤ የግል ፋይሉም በይለፍ ቃል ተጠበቀ። በ1962 ኮታው ያልበቃው አንድ የዶክትሬት ተማሪ የሁሉንም የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል አሳትሞ በሌሎች ሰዎች ስም መሥራት ጀመረ። ከታወቁት የይለፍ ቃል ስርቆቶች ቀዳሚ የሆነው ይህ ድርጊት መነሻው ስለላ ሳይሆን እጥረት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ አካውንትን ከሰው ለየው። በቤል ላብራቶሪዎች በተወለደው ዩኒክስ ውስጥ ፕሮግራሞችም በራሳቸው ስም ይሠሩ ጀመር። የአሠራሩን አመክንዮ በ1975 ጀሮም ሶልትዘርና ማይክል ሽሮደር በግልጽ አስቀመጡት፦ እያንዳንዱ ፕሮግራምና እያንዳንዱ ተጠቃሚ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን ሊኖረው አይገባም። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ አንድ ሰው እንዳይሆኑ የሚከለክለው የመሥሪያ ቤት ደንብ በኮምፒውተር ውስጥ የያዘው መልክ ይህ ነው።

ደንቡ ወደ ቤታችን የገባው ዘግይቶ ነው። ዊንዶውስ 95 እና 98 በተጠቃሚዎች መካከል እውነተኛ የሥልጣን ወሰን አልነበራቸውም፤ ከመሣሪያው ፊት የተቀመጠ ሁሉ አዛዥ ነበር። በ1993 ለመሥሪያ ቤቶች የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ግን በተጠቃሚና በሥልጣን ክፍፍል ላይ የተገነባ ነበር፤ በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህንኑ መዋቅር ለቤተሰብ አመጣው። ለርቀት ድጋፍ የተፈጠረው «ሄልፕ አሲስታንት» አብሮ ገባ። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ «ኤ ኤስ ፒ ኔት» የተባለው አካውንት በብዙ ቤቶች የመግቢያ ገጽ ላይ ብቅ እያለ ማንም የማያውቀውን የይለፍ ቃል ይጠይቅ ጀመር።

የሚያስገርመው፣ ለእነዚህ ፕሮግራሞች ሥልጣን ሲቆነጠር የቤቱ ባለቤት በኤክስፒ ላይ ገና ከጅምሩ ሙሉ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። እርሱ የከፈተው ተንኮል አዘል ፋይልም ያንኑ ሥልጣን ይወርሳል። አምራቹ ስሞቹን ለቤተሰብ በሚገባ ቋንቋ አላብራራም፤ የማጣራቱ ወጪ ወደ ተጠቃሚው ተሸጋገረ፣ ክፍተቱንም ወሬ ሞላው።

ይህ ሲባል ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። የጆርጂያ ቴክ ተማሪ የነበረው ክሪስቶፈር ክላውስ በ1993 ያሰራጨው የደኅንነት መፈተሻ ፕሮግራም ከሚያስሳቸው ድክመቶች አንዱ ከሥርዓቱ ጋር የመጡና ክፍት የቀሩ አካውንቶች ነበሩ። ከዚያ ሥራ በ1994 እዚህ አትላንታ የተቋቋመውን ኢንተርኔት ሴኩሪቲ ሲስተምስን አይቢኤም በ2006 በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ከዚህ የምንማረው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው፦ «ስሙን አውቀዋለሁ ወይ?» ሳይሆን «ክፍት ነው ወይ? ምን ሥልጣን አለው? ማን ሰጠው?»

በዛሬው ዊንዶውስ ከላይ የጠቀስኳቸው አራት ስሞች የመለያ ቁጥራቸው በ500፣ በ501፣ በ503 እና በ504 ያበቃል፤ በተለመደው ሁኔታም ዝግ ናቸው። መሰረዝ አያስፈልጋቸውም። ምርመራ የሚያሻው በማይክሮሶፍት ሰነዶች ውስጥ የማይገኝ፣ ክፍት የሆነና ከአስተዳዳሪዎች ተርታ የተሰለፈ ስም ነው።

ይሁን እንጂ በማኅበረሰባችን ላይ የደረሰው ከባድ ጉዳት በዚህ ዝርዝር የሚታይ ዓይነት አልነበረም። በፍርድ ቤት ሰነድ «ኪዳኔ» በሚል መጠሪያ የቀረበው፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ከኢሜይል ጋር ተያይዞ በመጣ የዎርድ ሰነድ አማካይነት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ከ2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 በቤቱ ኮምፒውተር ላይ እንደሠራ በክሱ አመልክቷል። በክሱ መሠረት ፕሮግራሙ የስካይፕ ንግግሮቹንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ይቀዳ ነበር። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በተጠቃሚዎች ዝርዝር ላይ አዲስ ስም አያስፈልገውም፤ በባለቤቱ ስም ይሠራል።

ክሱ በየካቲት 2014 በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ቀረበ። የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ውድቅ ሆኖ እንዲቀር ወሰነ፤ ምክንያቱም የውጭ መንግሥታትን ያለመከሰስ መብት የሚያነሣው ድንጋጌ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር እንዲፈጸም ይጠይቃል፤ የዚህ ድርጊት ዕቅድና ትእዛዝ ግን ከውጭ ነበር። ጉዳቱ ሳሎን ውስጥ ደረሰ፤ ሕጉ ግን እጁ በሩቅ ያለውን አጥፊ መያዝ አልቻለም።

እንግዲህ ሥራው ሁለት ነው። በቤት ውስጥ ለዕለት ተግባር የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የሌለው አካውንት መጠቀም፣ አስተዳዳሪውን ለብቻው መለየት፣ ያልተጠበቀ አባሪ ሰነድን ሳያጣሩ አለመክፈት ነው። ይህ ግን የመንግሥት አቅም ያለውን ሰላይ ብቻውን አያቆምም። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ የሕግ ነው፦ ኮንግረሱ የ1976ቱን የውጭ መንግሥታት ያለመከሰስ ሕግ አሻሽሎ፣ ጉዳቱ በአሜሪካ ቤት ውስጥ እስከደረሰ ድረስ ትእዛዙ ከየትም ቢመጣ ክስ እንዲፈቀድ መጠየቅ። ለኮንግረስ አባሎቻችን ከምናቀርባቸው አጀንዳዎች መካከል ይህ ጥያቄ ስፍራ ይገባዋል።