የዎንካ ፈገግታ

ምስል እንደ ሰው ይሰደዳል። ከተወለደበት ርቆ ሲሄድ የወላጆቹ ስም ይረሳል፤ በደረሰበት ሥፍራም ሌላ ሥራ ይይዛል። ዛሬ የማወጋችሁ በልጆች ፊልም ውስጥ ተወልዶ የአሽሙር አንደበት ስለሆነ አንድ ፈገግታ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በበይነ መረብ የቀልድ ሠፈር የተመላለሰ ሰው ይህን ፊት ሳያይ አይቀርም፤ ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሐምራዊ ኮት ለብሶ፣ ጉንጩን በእጁ ደገፍ አድርጎ ፈገግ የሚል ሰው። ከምስሉ በላይ የሚጻፈው መስመር በጉጉት የሚጠይቅ ይመስላል፤ «አንድ መጽሐፍ አንብበህ ጨረስህ አሉ?» ከታች ያለው ግን መርፌ ነው፤ «እንግዲያማ የቀረውን ዓለም አንተው አስተምረና!» ምስሉ አይለወጥም፤ ቃሉ ብቻ ይፈራረቃል። በቅኔያችን ቋንቋ ብንናገር አክብሮቱ ሰም፣ ንቀቱ ወርቅ ነው። ጽሑፍ የድምፅ ቃና የለውም፤ «ድንቅ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ያድንቅ ወይም ያላግጥ በቀላሉ አይለይም። ይህ ፊት የጎደለውን ቃና ይሞላል።

ፊቱ የተወሰደው በ1971 ለእይታ ከበቃው «ዊሊ ዎንካና የቸኮሌት ፋብሪካው» ከተሰኘው ፊልም ነው። መነሻው ሮአልድ ዳል በ1964 ያሳተመው የልጆች መጽሐፍ ሲሆን፣ ሜል ስቱዋርት በጀርመን አገር ሙኒክ ውስጥ ቀረጸው። ገንዘቡን ያወጣው ክዌከር ኦትስ የተባለው የምግብ ኩባንያ ነበር፤ በፊልሙ አማካይነት ቸኮሌት ለመሸጥ አስቦ። ወጪው ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር፣ የሲኒማ ቤት ገቢው ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ውሎዬ ከሒሳብ መዝገብ ጋር ነውና ይህን ስመለከት ትርፉ አያስደንቀኝም። ደራሲው ዳልም ፊልሙን አልወደደውም። ሆኖም ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ካሴት ለትውልድ ሁሉ አዳረሱት፤ በ2014 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ሰፈረ።

ዎንካን ሆኖ የተጫወተው ጂን ዋይልደር ሥራውን የተቀበለው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር። መጀመሪያ ሲታይ በከዘራ እያነከሰ ይምጣ፤ ከዚያ የወደቀ መስሎ ይገለባበጥና ቀጥ ብሎ ይቁም። ለምን ቢሉት፣ ከዚያች ቅጽበት በኋላ እውነት ይናገር ይዋሽ ማንም እንዳያውቅ ነው አለ። የፈገግታው ምስጢር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከአርባ ዓመት በኋላ ቀልደኞች የመረጡት ፊት፣ ተዋናዩ ራሱ አስቀድሞ ሁለት ፍቺ የሰጠው ፊት ነበር።

ፊልሙ በወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1976፣ ሪቻርድ ዳውኪንስ የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ ከአእምሮ ወደ አእምሮ በመኮረጅ ለሚተላለፍ ነገር ሁሉ፣ ለዜማም ለአባባልም፣ «ሚም» የሚል ስም አወጣ። የዎንካ ፊት በ2011 ገደማ በዚያ ስም በዓለም ተዘራ።

ነገር ግን ምስሉ ሲቆረጥ ምን ቀረ? በዚያች ቅጽበት ዎንካ በማንም ላይ እያላገጠ አልነበረም፤ ቢመጡት የማያልቅ ከረሜላ ማየት ይፈልጉ እንደሆነ ልጆቹን መጠየቁ ነበር። ከረሜላውን ለማንም እንዳያሳዩ አስምሎ ሰጣቸው። ያ ከረሜላ ፈተና ነበር። ተፎካካሪ ነጋዴ መስሎ ልጆቹን በገንዘብ የሚያባብለውም ሰው የዎንካው የራሱ ሠራተኛ ነው። በመጨረሻ ዎንካ በቁጣ ሲያባርረው፣ ድኻው ቻርሊ ከረሜላውን ሳይሸጥ ጠረጴዛው ላይ መለሰለት፤ ፋብሪካውንም ወረሰ። የዎንካ ማስመሰል ሁሉ ታማኝ ልብ ፍለጋ ነበር። ቀልዱ ማስመሰሉን ይዞ ልጆቹንና ፈተናውን ጣለ።

አሽሙርን አልጠላም፤ ግጥም የሚሞክር ሰው ሊጠላው አይችልም። ግን ቅኔ ሰሚውን ወርቁን እስኪያገኝ ያደክመዋል እንጂ አያዋርደውም፤ ወርቁ ሲገለጥ ሰሚውም ተካፋይ ነው። የተቆረጠው ፈገግታ ግን ለተሳለቁበት ሰው የሚያካፍለው የለም።

ዋይልደር በ2016 በ83 ዓመቱ አረፈ። የአልዛይመር በሽታ እንደነበረበት ቤተሰቡ የገለጸው ያን ጊዜ ነው። የደበቀው ለክብሩ ብሎ አልነበረም። በመንገድ ሲያዩት «ያው ዊሊ ዎንካ!» እያሉ ፈገግ የሚሉ ሕፃናት፣ ከአዋቂ አፍ የበሽታ ወሬ ሰምተው ደስታቸው እንዳይደበዝዝ ነበር። በዓለም ላይ አንድ ፈገግታ እንኳ እንዲጎድል አልፈለገም። ያ ፊት በየሰሌዳው ሰው ሲያሳፍር በነበረባቸው ዓመታት፣ ባለቤቱ የልጆችን ሳቅ ይጠብቅ ነበር።