ስለ ስንቅና ስለ ማኅበር ማዕድ

ምእመናን ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ለዚህ ለኢዮቤልዩ በዓል እያንዳንዳችን ከየቤታችን ምግብ ይዘን በደብሩ ዐጸድ እንድንሰበሰብ ተነግሮናል። በዚያም እሳት የሚነድበት ማዕድ ቤት የለምና፥ ምን ይዘን እንምጣ? የሚል ጥያቄ ከብዙዎች ይሰማል። መልሱ ግን አዲስ አይደለም፤ አባቶቻችንና እናቶቻችን በስንቃቸው አስቀድመው መልሰውታል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ፥ አቢግያ በምድረ በዳ ወዳለው ወደ ዳዊት በሄደች ጊዜ በአህያ ከጫነችው መካከል 200 እንጀራ፥ 5 መስፈሪያ የተጠበሰ እህልና 200 የበለስ ጥፍጥፍ ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ በደረሱበት ስፍራ እሳት የማይሹ ናቸው።

በአገራችንም የስንቅ አለቃው በሶ ነው። ገብሱ ታምሶና ተሸክሽኮ ከተቆላ በኋላ ይፈጫል። እርጥበቱ በምጣድ ላይ ስላለቀ ቶሎ አይበላሽም፤ በእሳት አስቀድሞ ስለ በሰለም ውሃና ጨው ይበቃዋል። በፍስክ ቀን በቅቤ ቢታሽ ጭኮ ይሆናል። ዳቦ ቆሎም እንደዚሁ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ድርቆሽም እንጀራው በፀሐይ ደርቆ ሲፈለግ በውሃ የሚርስ ነው። በአገልግል የሚሄደው እንጀራ በወጥ ግን የዕለት ስንቅ ነው፤ ቢያድር ይበላሻል።

ይህ ዕውቀት ለአገር ጋሻ ሆኖአል። በ1888 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ወደ ትግራይ በዘመተ ጊዜ፥ አገሩ ከክፉ ቀን ረኀብ ገና ማገገሙ ነበርና፥ ስንቁ በአጋሰስና በሴቶች ጫንቃ ተጓዘ። የካቲት 23 ቀን በዐድዋ ጦርነቱ በሆነ ጊዜም ስንቁ ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር የኖሩ አርበኞችም፥ ጭሱ ለጠላት እንዳይታይ እሳት ማንደድ ባልተቻላቸው ጊዜ፥ በሶና ቆሎ ረዳቸው።

እኔም ከአንዱ ቅኔ ቤት ወደ ሌላው ስሻገር በአኩፋዳዬ የያዝሁት በሶ ከወንዝ ውሃ ጋር ማዕዴ ነበረ። ቆሎ ተማሪ መባላችንም በከንቱ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሰንበቴ ማኅበር ተገኝቼ ነበር። ከሩቅ በድስት የመጣው ወጥ እኩሌታው በመንገድ ፈሰሰ፤ የቀረውም በሙቀት ኰምጥጦ ተደፋ። በዚያው ቀን አንዲት መበለት የያዘችውን ቆሎ በነጠላዋ ሸፍና ከበር ስትመለስ አየሁ። ብጠይቃት «የኔታ፥ ይህ በሰው ፊት የሚቀርብ አይደለም» አለችኝ። እኔም ተቀብዬ በመሶቡ ላይ አኖርሁት፤ ማኅበርተኛውም እስከ ማታ የዘገነው እርሱን ነበረ።

ስለዚህ ለበዓሉ የምንይዘውን ስንመርጥ ሦስት ነገር እንመልከት፤ መንገድ የማያበላሸው፥ እሳት የማይሻ፥ የቀኑንም ሥርዓት፥ ጾም ቢሆን ፍስክ ቢሆን፥ የማያፈርስ ይሁን። በሶውም፥ ቆሎውም፥ ዳቦውም ይህን ይፈጽማሉ፤ ከድኻውም ቤት አይታጡም። የሰንበቴ ማዕድ የተሠራው ድኻና ባለጸጋ ከአንድ መሶብ እንዲቈርሱ ነውና፥ በዚህ በዓል ማንም በያዘው አፍሮ ከበር አይመለስ። የሚመለስም ቢኖር፥ ወጥቶ የሚቀበለው ከእኛ መካከል አይታጣ።