መርፌም ይጥፋል

አማርኛችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ግሥ አለ፤ «ጣፈ»። አያቶቻችን «ጻፈ» ለማለት «ጣፈ» ይሉ ነበር፤ መጽሐፉንም «መጣፍ» ነበር የሚሉት። ያው ቃል ደግሞ ያረጀ ልብስ ላይ እራፊ ጨርቅ አኑሮ መስፋትንም ይገልጻል። «ሱሪውን ጣፈችለት» ሲባል ብዕር ሳይሆን መርፌ ነው የሚታየን። የሁለቱ ሥር አንድ ይሁን ሁለት ለቋንቋ ሊቃውንት ልተውና፣ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው። እኛ የጋዜጣ ሰዎችም ብዙ ሳንርቅ ጽሑፋችንን «መጣጥፍ» ብለነዋል። እናም በየሳምንቱ ከዚህም ከዚያም እየለቃቀምኩ የምሰፋውን ይሄን ገጽ «ድሪቶ» የሚለው አንባቢ ቢኖር ብዙም አልቀየመውም።

ነገሩ ግን ሁለቱ ጣፊዎች እኩል አለመከበራቸው ነው። ብዕር የያዘው ጣፊ ስሙ ከሥራው ጋር ይሄዳል። መርፌ የያዘችው ጣፊስ? ለእሷ ሥራ «ድሪቶ» የሚል ስም ሰጠነውና እሱንም ስድብ አደረግነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚችኛዋ ጣፊ ነው። ለዚህም ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ፤ ድሪቶ ሙዚየም ወደገባበት ወደ አሜሪካ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኩዊልት» የሚሉት የአልጋ ልብስ አለ። ሦስት ድርብ ነው። ላዩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ መሐሉ ባዘቶ፣ ሥሩ ገበር። የእኛ ጋቢ አራት ድርብ ቢሆንም ጥጡ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ነው የሚደረበው። ኩዊልት ውስጥ ያለው ጥጥ ግን ልቅ ነው፤ በየቦታው በመርፌ ካልተያዘ ሲታጠብ ይሸሽና አንድ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ይገኛል። ስለዚህ ከላይ የምታዩት ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም፤ ሦስቱን ድርብ አንድ ልብስ የሚያደርጋቸው እሱ ነው።

ዱሮ ይህን የሚሠሩት ብርድ የሚያስገድዳቸው ነበሩ። ዛሬ በአብዛኛው የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። በ1979 (በጽሑፌ ውስጥ አንድ ቦታ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አንድ የጃፓን ኩባንያ እንደ ትንሽ ጎማ እየተሽከረከረ ጨርቅ የሚቆርጥ ምላጭ አወጣና በመቀስ ቀን የሚፈጀው ሥራ በሰዓት የሚያልቅ ሆነ። መኪናውም ስፌቱን ያፋጥናል። ግን በእጃቸው የሚሰፉ ዛሬም አሉ። ቁርጥራጮቹን ገጣጥመው ላዩን ይጨርሳሉ። ሦስቱን ድርብ አነባብረው እንዳይንሸራተት በረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት ይይዙታል። እንጨት ላይ ወጥረው፣ ጣታቸው ላይ ብረት አጥልቀው፣ በአጭር መርፌ ነጥብ ነጥብ የሚያህል ስፌት ይደረድራሉ። ይህ ብቻ ወራት ይወስዳል። በመጨረሻም ጊዜያዊውን ክር መዝዘው ያወጡና ዙሪያውን በቀጭን ጨርቅ ይቀመቅሙታል።

«እፎይ፣ አለቀ!» የሚል ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። ልምድ ያላቸው ግን «ገና አንድ ነገር ይቀራል» ይሉታል። ከጀርባው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ጨርቅ ትሰፋለች። እሷ ላይ ማን እንደሠራው፣ የት፣ መቼ፣ ለማን እንደሠራው በማይለቅ ቀለም ወይም በክር ይጻፋል። ይህች ትንሽ ጨርቅ ከሌለች ኩዊልቱ አላለቀም።

ለምን እንዲህ አጥብቀው ያዟት? ታሪኩ ያስተማራቸው ነገር ስላለ ነው። በ1971 ኒው ዮርክ የሚገኘው የዊትኒ ሙዚየም ኩዊልቶችን እንደ ዘመናዊ ሥዕል ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አሳየ። ሕዝቡ ተደነቀ። ከአልጋ ላይ የወረደው ልብስ ሥነ ጥበብ ተባለ። ነገር ግን ብዙዎቹ የማን ሥራ እንደሆኑ አይታወቅም ነበር። የሰብሳቢዎቹ ስም ይታወቃል፣ የሙዚየሙም ስም ይታወቃል፤ ስንት ሌሊት በኩራዝ ዓይኗን ያደከመችው ሴት ግን የለችም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ጊዜ «ደራሲው ያልታወቀ» የሚል ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ አውቃለሁ። ለአንድ ግጥም እንዲህ ሲባል ክፍሉ ሁሉ «ማን ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል፤ ማስረጃ ይፈለጋል፣ ጥናት ይሠራል። ለአልጋ ልብስ ግን ማን ይጨነቃል?

ስማቸው ከተረፈላቸው ጥቂቶች አንዷ ሃሪየት ፓወርስ ናት። በ1837 ጆርጂያ ውስጥ፣ አቴንስ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ በባርነት ተወለደች። በዚያ ግዛት በ1829 የወጣ ሕግ ለባሪያ ማንበብና መጻፍ ማስተማርን ይከለክል ነበር። ከነጻነት በኋላ ከባሏ ጋር ስታርስ ኖራ፣ በ1886 አቴንስ ውስጥ በተከፈተ የጥጥ ትርዒት ላይ 11 ሥዕሎች ያሉት ኩዊልት ይዛ ቀረበች። አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ የክርስቶስ ጥምቀትና ስቅለት፣ ይሁዳ ከነ30 ብሩ፣ ሁሉም ከጨርቅ ተቆርጠው የተሰፉ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየ ላደገ ሰው ይህ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ጄኒ ስሚዝ የምትባል ነጭ የሥዕል አስተማሪ አይታው «ሽጭልኝ» አለቻት። ፓወርስ አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ችግር ጠናና ራሷ ይዛው ሄደች። 10 ዶላር ጠይቃ 5 ዶላር ተሰጣት። ከመሄዷ በፊት ግን አንድ ነገር አደረገች፤ እያንዳንዱ ሥዕል ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ተረከች፣ ስሚዝም ጻፈችው። ከዚያ በኋላም ጥቂት ጊዜ እየተመላለሰች ኩዊልቷን አይታዋለች። ልጇን ለማደጎ የሰጠች እናት ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን ድርሰቷ በሰው እጅ የገባ ደራሲ ነው የሚመስለኝ። ያ ኩዊልት አሁን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

ሁለተኛው ሥራዋ 15 ሥዕሎች አሉት፤ ቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው ያለው። እሱ ላይ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ታሪክ ጎን የአካባቢዋ ታሪክም ገብቷል። በ1833 ኅዳር ሌሊት ሰማዩን የሞላው የከዋክብት ዝናብ አለ። በ1780 በቀትር የጨለመው ቀን አለ። በ1895 ሰውና እንስሳ ያደረቀ ብርድ አለ። ከጆርጂያ እስከ ቨርጂኒያ 500 ማይል ሮጣለች የተባለች አሳማም አለች። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እሷ ሳትወለድ የሆኑ ናቸው። በአፍ ሲወርድ የመጣውን ነው በመርፌ ያሰፈረችው። ይህን እኛ ብንሠራው «ዜና መዋዕል» እንለው ነበር።

ለረጅም ጊዜ ስለ እሷ የጻፉ ሰዎች ማንበብ የማትችል ሴት አድርገው ነበር የሚያቀርቧት። በ2009 የታተመ ጥናት ግን በ1896 የጻፈችውን ደብዳቤ ይዞ ወጣ። ማንበብ ተምራ ነበር! እናም መርፌን የያዘችው ብዕር ስላልነበራት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ለምታስበው ነገር ጨርቅን መርጣው ነው። ሰው የእጅ ሥራ ሲያይ «ምስኪን፣ ባትማር ነው» ለማለት ይቸኩላል፤ የዚህች ሴት ደብዳቤ ለዚያ ችኮላ መልስ ነው።

ከጆርጂያ ወደ ምዕራብ አላባማ ይገኛል። እዚያ ወንዝ በሦስት ጎን የከበባት ጊስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። በ1816 ጆሴፍ ጊ የሚባል ሰው የጥጥ እርሻ ስላቋቋመባት ነው እንዲህ የተባለችው። በ1845 እርሻው ማርክ ፔትዌይ ወደሚባል ዘመዱ ሲዛወር፣ ይህ ሰው 100 ያህል ባሪያዎቹን ከሰሜን ካሮላይና እዚያ ድረስ በእግራቸው ነዳቸው። ዛሬ በጣም የታወቁት የመንደሯ ኩዊልት ሠሪዎች አብዛኞቹ የአባት ስማቸው ፔትዌይ ነው፤ ዝምድና ኖሯቸው ሳይሆን የጌታው ስም ተለጥፎባቸው የቀረ ነው። እንግዲህ ስለ ስም ስናወራ ይሄም አለ፤ የራስህን ስም ማጣት ብቻ ሳይሆን የሰው ስም መሸከም።

የእነዚህ ሴቶች ኩዊልት ከአሮጌ የሥራ ልብስና ከዱቄት ከረጢት የሚሠራ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 ባሏ ሲሞት የሥራ ልብሶቹን ቀዳ አንድ ኩዊልት ሠራች፤ ልታስታውሰውና ተሸፍናው ልትተኛ። ጉልበቱ ላይ ያለቀው፣ ላብና ፀሐይ ያደበዘዘው ጨርቅ ሁሉ እዚያ ላይ ይታያል። በ2002 የእነዚህ ሴቶች ሥራ ሂዩስተን፣ ቀጥሎም እዚያው ዊትኒ ሙዚየም ቀረበ። ከ1971ዱ የሚለየው፣ አሁን ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የሠሪዋ ስም መኖሩ ነው። በ2006 ቴምብር ታተመላቸው።

ታዲያ በስም ብቻ ሁሉም አለቀ ማለት አይደለም። በ2007 ከሴቶቹ አንዳንዶቹ «ከሥራችን ከተገኘው ገንዘብ ድርሻችን አልተሰጠንም» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2008 ነገሩ በስምምነት ተዘጋ። በ2021 ደግሞ ጥቂት ሠሪዎች እያንዳንዳቸው በስማቸው የኢንተርኔት ሱቅ ከፍተው ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ። ከሃሪየት ፓወርስ 5 ዶላር እስከዚህ ድረስ 130 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የሠራሽው ያንቺ ለመሆኑ ማስረጃው ስምሽ ነው። ስምሽ ከሌለ «ክፈሉኝ» የምትይበት መነሻም የለሽም።

የስም ነገር ከዚህም ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። በ1980ዎቹ በኤድስ የሚሞቱ አሜሪካውያን ሞታቸው ራሱ የሚደበቅ ነበር፤ ያኔ እኛም አገር በኋላ ያየነውን መሸማቀቅ አንባቢ ያስታውሳል። በ1985 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሰልፈኞች የሞቱባቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ጽፈው አንድ የመንግሥት ሕንፃ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ክሊቭ ጆንስ የሚባል ሰው ሲያየው ኩዊልት መሰለው። ከዚያ ሐሳብ ተነሥተው ለእያንዳንዱ ሟች መቃብር የሚያህል፣ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 180 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጨርቅ ላይ ስሙን መስፋት ጀመሩ። ጥቅምት 1987 ዋሽንግተን ላይ ሲዘረጋ 1,920 ነበር። አሁን ወደ 50,000 ደርሷል፤ ክብደቱም 54 ቶን ነው። ብዙውን የሰፉት ከዚያ በፊት መርፌ ይዘው የማያውቁ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ስፌታቸው ጠማማ ነው፤ ስሙ ግን ይነበባል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የብራና መጻሕፍቶቻችን መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ የጸሐፊውና የአጻፊው ስም ይገኛል፤ አንባቢ በጸሎት እንዲያስባቸው። መጽሐፉን ዘግታችሁ የእንጨት ሽፋኑን ውስጠኛ ፊት ብታዩት ደግሞ በቆዳው መሐል መስኮት ተትቶ እራፊ ሐር ወይም የሕንድ ጥጥ የተለጠፈበት ታገኛላችሁ። ሁለቱ ጣፊዎች አንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኝተዋል ማለት ነው። የብራናው ሰው ስሙ አለ። የጨርቁ ሠሪ የለም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ሲከለክሉ፣ ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም ጸሐፊውንም አብረው ነበር የጠሩት። ለንጉሡ ሁሉም እጁን የሚያሠራ ሰው ነበር። ስድቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀንሷል። ዝምታው ግን አለ፤ እንዲያውም ጨዋ መስሎ ስለሚኖር ከስድቡ ይልቅ ዕድሜው ረዝሟል። የእናቶቻችን ዳንቴል በየሶፋውና በየቴሌቪዥኑ ላይ ኖሯል። የሐረር ግድግዳ ላይ ስንት ዓይነት ስፌት ተሰቅሏል! የሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ ሲደነቅ «የት ተገዛ?» እንጂ «ማን ሠራው?» የሚል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። በእኔም ቤት ከእናቴ የቀረ ዳንቴል አለ። የእሷ ነው ወይስ የጎረቤቷ፣ ቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ወሬ አለ። ሁለቱም አርፈዋል፤ ዳንቴሉ አይናገርም።

ይህን የምለው ሁላችንም ኩዊልት እንስፋ ለማለት አይደለም። ዛሬ በሕይወት ያሉ እናቶች፣ አክስቶችና ጎረቤቶች የሠሩት እጃችን ላይ አለ፤ እነሱም አሉ። ከመካከላቸው «ኧረ ተወኝ፣ ይሄ ምን ሥራ ነው ብለህ!» የማትል እምብዛም ትኖራለች። ይሄ ትሕትና ነው፣ ደግ ነው፤ ነገር ግን ሃሪየት ፓወርስም በትሕትና ዝም ብላ ወጥታ ብትሄድ ኖሮ ዛሬ ስለ እሷ የምጽፈው አልነበረኝም። አምስቱን ዶላር ተቀብላ ከመውጣቷ በፊት ቁጭ ብላ ተርካለች፤ ሌላዋም ወረቀት አውጥታ ጽፋለች። ከእኛ የሚጠበቀው የሁለተኛዋ ሥራ ነው፤ እሱም ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የሠራችውን ይዛችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። ስሟን፣ የሠራችበትን ዓመትና አገር፣ ለማን ብላ እንደሠራችው ጠይቁና እጥፋቱ ሥር፣ በማይታየው በኩል፣ በአንዲት ቁራጭ አቡጀዲ ላይ አስፍሩት። ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ በክር ጣፉት።