የጎልማሳ ብጉርና መጨማደድ በመተማ ቆላ

ከ25 ዓመት በኋላ የሚወጣ ወይም የማይለቅ ብጉር ከፊት መጨማደድ ጋር ሲገጥም የቅባት ምርጫው ይከብዳል፤ መጨማደድን ለማለስለስ የሚሸጥ ወፍራም ቅባት ቀዳዳዎችን ሊደፍን ይችላልና። ለሁለቱም የሚበጀው የሬቲኖይድ ወገን ቅባት ነው፤ ትሬቲኖይን ወይም አዳፓሊን። ማታ ታጥቦ በደረቀ ፊት ላይ የአተር ፍሬ የምታክል ብቻ ይቀባል፤ መጀመሪያ በሁለት ቀን አንዴ። የብጉሩ ለውጥ እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ነፍሰ ጡር አትቀባውም።

በመተማና በቋራ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ለሚውል ሰው ግን ከሁሉ የሚቀድመው ሰፊ ባርኔጣና ቅባት አልባ የፀሐይ መከላከያ (ቢያንስ SPF 30) ነው፤ መጨማደድን የሚያፋጥነው ፀሐይ ነውና። በሱዳን ድንበር ማዶና ማዶ ሴቶች የሚወዱት፣ ሱዳኖች ዱኻን የሚሉት የእንጨት ጭስ ለገላ መልካም ጠረን ይሰጣል፤ ብጉርን አይፈውስም። ስቴሮይድ ያለበት ማንጫ ክሬም ከሁሉ የከፋ ነው፦ ቆዳን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል።