የሐር ጥብጣብ ጥልፍ፤ ከቤተ መንግሥት እስከ እጅ ከረጢት

የጥበብ ሥራ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥሎ አይወለድም። ታላላቅ ሕንፃዎችና ሐውልቶች ብቻ ሳይሆኑ አንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢትም የዘመኗን የመደብ ግንኙነት በላይዋ ተሸክማ ትኖራለች። በሐር ጥብጣብ (ሪባን) ጽጌረዳ የተጠለፈባት የአውሮፓ የእጅ ከረጢት ለዚህ አንዲት ምስክር ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በተራው ጥልፍ ክር የሚሠራውን ሥራ በዚህኛው ጥብጣብ ይሠራዋል። ጥልፍ ሠሪዋ ጨርቁን በክብ የእንጨት መወጠሪያ ትወጥርና ስፋቱ ከ4 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን ለስላሳ ጥብጣብ ቀዳዳው ሰፋ ባለ መርፌ ትሰካለች። ጽጌረዳ ለማውጣት በመጀመሪያ ከአንድ ማዕከል የሚነሡ 5 የክር ጨረሮችን ትዘረጋለች፤ ቀጥሎም ጥብጣቡን በአንዱ ጨረር ላይ፣ በተከታዩ ሥር እያሳለፈች ታዞረዋለች። የጨረሮቹ ቍጥር ጎዶሎ ስለሆነ በየዙሩ የላዩና የሥሩ ይለዋወጣል፤ አበባውም እየሞላ ይሄዳል። ለቅጠል ግን አንዲት ስፌት ትበቃለች፤ መርፌው በጨርቁ ላይ የተኛውን ጥብጣብ ራሱን ጫፉ ላይ ወግቶ ወደ ሥር ሲወርድ ጠርዞቹ ተጠቅልለው ቅጠል ይሆናሉ። ጥብጣቡ ረጅም ከሆነ በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ጠርዙ ስለሚሻክር አጠር አጠር አድርጎ መቍረጥ ግድ ነው። ሠሪዋ አጥብቃ ከሳበችው አበባው ይጨማደዳል፤ ላላ አድርጋ ከተወችው ይፈካል። የጥበቡ ምሥጢር በመሣሪያ ብዛት ሳይሆን በእጅ ልክ ላይ ነው።

ይህ ጥልፍ በፈረንሳይ በ18ኛው ምዕተ ዓመት በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ልብስ ላይ አበበ። በ1747 በአቤቪል ከተማ ከተራ ቤተሰብ የተወለደችው ሮዝ ቤርታን በፓሪስ የጥብጣብ፣ የላባና የሰው ሠራሽ አበባ ጌጥ ሥራ ከፍታ የንግሥት ማሪ አንቷኔት ልብስ አዘጋጅ እስከ መሆን ደረሰች፤ «የፋሽን ሚኒስትር» የሚል ቅጽል ስምም ወጣላት። ይሁን እንጂ ከከፍተኛው መደብ ከነበሩት ደንበኞቿ ብዙዎቹ ጌጡን ለብሰው ዕዳውን ሳይከፍሉ ቀሩ። የቤተ መንግሥቱ ውበት የቆመው በሌላው ሰው ላብ ላይ መሆኑን ይህ ብቻውን ያስረዳል።

በ1789 የፓሪስ ሕዝብ የባስቲልን ምሽግ በሰበረ ጊዜ ጥብጣብም ወገኑን ለየ። ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ ቀለም ያለው ክብ የጥብጣብ ምልክት የአብዮቱ ዓርማ ሆነ፤ በ1793 ሴቶችም እንዲያደርጉት በሕግ ታዘዙ። አብዮቱ በ1791 የጥንቱን የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት ሲያፈርስ በዚያው ዓመት የወጣው የለ ሻፕሊዬ ሕግ ደግሞ ሠራተኞች ተደራጅተው ስለ ደመወዛቸው እንዳይደራደሩ ከለከለ። ከፊውዳሉ ሥርዓት የተላቀቀው ባለ እጅ በከበርቴው ገበያ ፊት ብቻውን ቆመ።

የእጅ ከረጢቷ የተወለደችው በዚህ ዘመን ነው። ቀደም ሲል ሴቶች ለብቻው የተሰፋ ኪስ በሰፊው ቀሚሳቸው ሥር በወገባቸው ያስሩ ነበር። በ1790ዎቹ ስስና ቀጥ ያለ ቀሚስ ሲመጣ ኪሱ መደበቂያ አጣ፤ ስለዚህም አፏ በገመድ የሚሳብ፣ በእጅ የምትንጠለጠል ትንሽ ከረጢት ተተካች። ፈረንሳዮች «ሬቲኩል» አሏት፤ ፌዘኞች ግን ድምፁን አመሳስለው «ሪዲኩል» ማለትም መሳቂያ ብለው ጠሯት። ለዚህች ለትንሿ ከረጢት ጥቂት ጥብጣብ ስለሚበቃት ጥልፉ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በየቤቱ ገባ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የመካከለኛው መደብ ሴቶች ከረጢታቸውን በገዛ እጃቸው ያስጌጡ ጀመር።

ጥብጣቡንስ ማን ሸመነው? በፈረንሳይ ሴንት ኤትየን፣ በእንግሊዝ ደግሞ ኮቨንትሪ የዚህ ሙያ ታላላቅ ከተሞች ነበሩ። የሴንት ኤትየን ሸማኔ በቤቱ ውስጥ በራሱ መሣሪያ ይሠራል፤ ሐሩ ግን የነጋዴው ነው። ነጋዴው ሐሩን ሰጥቶ ጥብጣቡን ይረከባል፤ ዋጋውንም እሱ ይቈርጣል። በ1804 የተፈለሰፈው የዣካርድ መሸመኛ ሲስፋፋ አበባው በተበሱ ካርቶኖች እየተመራ ይሸመን ጀመር። የመሣሪያው ቁመት ትልቅ በመሆኑም የሸማኔዎቹ ቤት ጣሪያ ከፍ ብሎ፣ መስኮቱም ረዝሞ ይሠራ ነበር።

ኅዳር 1831 የሁለት አገር ሸማኔዎችን አንድ ዓይነት ብሶት አስነሣቸው። በኮቨንትሪ በእንፋሎት ኃይል የሚሠራ የጥብጣብ ፋብሪካ በእሳት ጋየ። በዚያው ወር በሊዮን የሐር ጨርቅ ሸማኔዎች የሥራቸው ዝቅተኛ ዋጋ እንዲከበር ጠይቀው በመነፈጋቸው ከተማይቱን ያዙ፤ መንግሥትም በጦር ኃይል አስመለሳት። የኮቨንትሪዎቹ ቍጣ በመሣሪያው ላይ ቢያርፍም ጥያቄያቸው እንደ ሊዮኖቹ ሁሉ የእንጀራ ጥያቄ ነበር።

የኮቨንትሪ ሰዎች በ1851 በለንደን ለተከፈተው ታላቅ ኤግዚቢሽን በከተማቸው ስም ልዩ ጥብጣብ ሸምነው አቀረቡ። ከ9 ዓመት በኋላ ግን በ1860 እንግሊዝና ፈረንሳይ በተፈራረሙት የንግድ ውል የፈረንሳይ ሐር ከቀረጥ ነጻ ሆኖ ገባ። የከተማይቱ ሽመና ወደቀ፤ ረኃብ ገባ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማና ወደ ባሕር ማዶ ተሰደዱ። የእጅ ጥበብ ጕድለት አላጠፋቸውም፤ ስለ ዕጣቸው በተወሰነው ውል ውስጥ ድምፅ አልነበራቸውም።

ጥልፉ ግን አልሞተም። ዛሬም በቍራጭ ጨርቅና በጥቂት ጥብጣብ ይሠራል። በየሙዚየሙ ከተቀመጡት ጥንታዊ ከረጢቶች የአብዛኞቹ ሠሪዎች ስም አይታወቅም። ስለሆነም የእጅ ሥራ የሚያስተምር መምህርም ሆነ ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ከስፌቱ ጋራ የሠሪውን ታሪክ ሊያስተምር፣ ከሥራውም ጎን የሠሪውን ስም ሊጽፍ ይገባዋል። አበባዋን የያዛት የጥልፍ ሠሪዋ ስፌት ነው፤ ጥብጣቧን የሰጣት ደግሞ በረጅሙ መስኮት ሥር ሲሸምን የኖረው ሰው ነው።