«ሊያመልጡ ሲሉ ተገደሉ»፦ ከአንድ የጦርነት ፊልም ጀርባ ያለ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1963 ለዕይታ የበቃው የጆን ስተርጀስ «ዘ ግሬት ኢስኬፕ» («ታላቁ ማምለጥ» ብንለው ያስኬዳል) በቪዲዮ ካሴት ዘመን ከቤት ወደ ቤት እየተዋዋስን ካየናቸው ፊልሞች አንዱ ነው። ከዚያ ፊልም ብዙው ሰው የሚያስታውሰው ስቲቭ ማክዊን በሞተር ሳይክል የእሾሃማ ሽቦ አጥር ሲዘል ነው፤ የኤልመር በርንስታይንን ማርሽ የሚያፏጭም አይጠፋም። እኔ ግን ፊልሙን ባየሁት ቁጥር ሐሳቤን የምትይዘው ወደ መጨረሻው ላይ ያለች አንዲት አጭር ትዕይንት ናት። ተመልሰው የተያዙት መኮንኖች ከጭነት መኪና ወርደው እግራቸውን እንዲያፍታቱ ይነገራቸዋል፤ ዘወር ሲሉ መትረየስ ተጠምዷል። ፊልሙ 172 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያቺ ትዕይንት የምትወስደው ከዚያ ውስጥ እጅግ ጥቂቱን ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ እርሷ ነው። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ከተባሉት በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

በመጀመሪያ ለፊልሙ የሚገባውን እንስጠው። የቁፋሮው ታሪክ በአመዛኙ እውነት ነው። ስታላግ ሉፍት 3 የተባለው ካምፕ በጀርመን አየር ኃይል የሚተዳደር፣ ተመትተው የወደቁ የጠላት አብራሪዎች የሚታሰሩበት ነበር። ቦታው ያኔ ጀርመን ውስጥ የነበረችው፣ ዛሬ በፖላንድ ግዛት የምትገኘው የዛጋን ከተማ ነው። ጀርመኖች ሥፍራውን የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። መሬቱ አሸዋ ስለሆነ በቀላሉ ይናዳል፤ ከሥር የሚወጣው ቢጫ አሸዋ ደግሞ ላይኛው ግራጫ አፈር ላይ ሲደፋ ከሩቅ ያሳብቃል። የምርኮኞቹ ቤቶች ከመሬት ከፍ ተደርገው ተሠርተዋል፤ የቁፋሮ ድምፅ የሚያዳምጡ መሣሪያዎችም ተቀብረዋል።

ይህ ሁሉ ባለበት ምርኮኞቹ በ1943 ጸደይ ሦስት ዋሻዎችን በአንድ ጊዜ ጀመሩ፤ ስማቸውንም ቶም፣ ዲክና ሃሪ አሏቸው። ቶም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ተገኘና ፈረሰ። ዲክ የአፈር መደበቂያ ሆነ። ሃሪ በ104 ቁጥር ቤት ውስጥ ከአንድ ምድጃ ሥር ተነሥቶ ዘጠኝ ሜትር ያህል ቁልቁል ከወረደ በኋላ ከመቶ ሜትር በላይ ወደ ጫካው ተጓዘ። ስፋቱ አንድ ሰው በደረቱ ተኝቶ ከሚያልፍበት አይበልጥም። ግድግዳው እንዳይናድ አራት ሺህ ያህል የአልጋ ርብራብ ተነቅሎ ወጥቷል፤ እንግዲህ የዚያ ካምፕ ሰው በምን ላይ ተኝቶ እንዳደረ መገመት ነው። አየር የሚገባው ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ በተቀጣጠለ ቧንቧ ሲሆን የሚነፋውም በእጅ የተሠራ ወናፍ ነበር። ተሰርቆ በተገኘ ሽቦ የኤሌክትሪክ መብራት ገብቷል፤ በእንጨት ሐዲድ ላይ የሚጎተት ጋሪም ነበር፤ ጋሪው የሚቆምባቸውን ሁለት ጣቢያዎች በለንደን አደባባዮች ስም ፒካዲሊና ሌስተር ስኩዌር ብለዋቸዋል። አፈሩን በሱሪ ውስጥ በተንጠለጠለ ከረጢት እያወጡ በእግር ጉዞ ሰበብ የሚበትኑትም ሰዎች በፊልሙ እንዳየናቸው ነበሩ። በዚህ ሁሉ ሥራ እጁን ያስገባው ሰው ወደ ስድስት መቶ ይጠጋል። የቁፋሮው አለቃ የነበረው ካናዳዊው ዋሊ ፍሉዲ በኋላ ለፊልሙ አማካሪ ሆኗልና ይህ ክፍል ቢሳካ አያስደንቅም።

ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ከታሪኩ ይለያያል። በመጋቢት 24 ቀን 1944 ሌሊት ከዋሻው ከወጡት 76 ሰዎች መካከል የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አባል አልነበረም፤ አሜሪካውያኑ በቁፋሮው ቢረዱም ከወራት በፊት ወደ ሌላ ግቢ ተዛውረው ነበር። የሞተር ሳይክሉ ዝላይ ፈጽሞ አልተደረገም፤ ለካሜራም ቢሆን የዘለለው ማክዊን ሳይሆን ባልደረባው በድ ኢኪንስ ነው። ትኬት የሚሸጠው የአሜሪካ ኮከብ ስለሆነ በዚህ ብዙ አልከራከርም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የመሪው የሮጀር ቡሼል ታሪክ ግማሹ መቅረቱ ነው። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በለንደን ጠበቃ የነበረው ይህ ሰው ቀደም ሲል በ1941 አምልጦ ፕራግ ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። በ1942 የሃይድሪክ መገደል ባስከተለው አሰሳ ተያዘ፤ ያስጠለሉት የቼክ ቤተሰብ አባላት ተረሸኑ። ቡሼል ወደ ዛጋን የመጣው ይህን ተሸክሞ ነው። በሪቻርድ አተንቦሮ የተወከለው መሪ ለምን እንደዚያ እንደሚንገበገብ ፊልሙ በቅጡ አይነግረንም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1929 የተፈረመውና ጀርመንም የገባችበት የጄኔቫ ስምምነት አምልጦ የተያዘ ምርኮኛ በዲሲፕሊን ብቻ እንዲቀጣ ያዛል፤ ቢበዛ ሠላሳ ቀን እስር ነው። መኮንኖቹ ወደ ዋሻው የገቡት ይህን ተማምነው ነው። ለዚህም ነው የፊልሙ ሁለት ሦስተኛ የጨዋታ መንፈስ የያዘው፤ ምርኮኛው ይቆፍራል፣ ጠባቂው ይፈልጋል፣ የተያዘው ጨለማ ክፍል ገብቶ ኳስ እያነጠረ ይወጣል። ከ76ቱ ሦስቱ ብቻ ነጻ ወጡ፤ ሁለት ኖርዌያውያን በስዊድን፣ አንድ ሆላንዳዊ በስፔን በኩል። ሰባ ሦስቱ ተያዙ። ሂትለር ሁሉም እንዲረሸኑ ፈለገ፤ ጎሪንግና ሌሎች መዘዙን ፈርተው ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ቁጥሩ አምሳ ላይ ቆመ። የሚሞቱትንና የሚተርፉትን ከስም ካርዶች የለየው የወንጀል ፖሊስ አዛዡ አርቱር ኔበ ነው፤ እርሱም ከሐምሌ 1944ቱ ሤራ ጋር በተያያዘ በ1945 በገዛ መንግሥቱ ተሰቅሏል።

ፊልሙ አምሳውን በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ ይገድላቸዋል። እውነቱ ከዚህ የከፋ ነው ብዬ አምናለሁ። መትረየስ አልነበረም። የየአካባቢው ጌስታፖ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት እያደረገ በመኪና ወስዶ መንገድ ዳር ለሽንት እንዲወርዱ ፈቀደላቸውና ከኋላ ተኮሰ። ቡሼልና ፈረንሳዊው ጓደኛው በርናር ሻይድሃወር የተገደሉት ከሳርብሩከን ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ ነው። በአንድ ሜዳ የተፈጸመን ፍጅት አንድ እብድ አዛዥ አደረገው ማለት ይቻላል፤ ይህን ለመፈጸም ግን በብዙ ከተሞች ያሉ ሹሞች፣ ሾፌሮችና ጸሐፊዎች ትእዛዙን ተቀብለው፣ ተመሳሳይ ሪፖርት ጽፈው፣ ለራት ወደ ቤታቸው መግባት ነበረባቸው።

ሪፖርቱ ምን ይላል? ሲያዙ ስለተቃወሙ ወይም ዳግመኛ ሊያመልጡ ሲሉ ተተኩሶባቸው ሞቱ ይላል። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ዐረፍተ ነገር ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። «ነጻ እርምጃ» የሚል ሐረግ በሬዲዮ እየሰማ ያደገ ትውልድ፣ መንግሥት ሲገድል ሰዋስው እንደሚያሳምር ያውቃል። የምርኮኞቹ ከፍተኛ መኮንን ኸርበርት ማሲ ይህ ሲነገረው የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ስንቱ ቆሰለ? አንድም የቆሰለ አልነበረም። ፊልሙም ይህን ጥያቄ አስቀርቶታል፤ እዚህ ላይ ስተርጀስን አመሰግናለሁ። ጥቂት ቆይቶ የአስከሬናቸው አመድ በትንንሽ ማስቀመጫ እየተደረገ ወደ ካምፑ መጣ፤ በአብዛኛው ላይ የከተማ ስም ተጽፎ ነበርና ምርኮኞቹ ጓደኞቻቸው የት የት እንደ ወደቁ ያወቁት ከዚያ ነው። በየካምፑም ማምለጥ ከእንግዲህ ስፖርት አለመሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንተኒ ኢደን በሰኔ 1944 ፓርላማ ቀርቦ ወንጀለኞቹ ተለቅመው ለፍርድ እንደሚቀርቡ ቃል ገባ። ቃሉ ተፈጸመ። ከጦርነቱ በፊት የብላክፑል መርማሪ ፖሊስ የነበረው ፍራንክ መኬና ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር የፈረሰችውን ጀርመን እያሰሰ ገዳዮቹን አንድ በአንድ ያዘ። በ1947 በሃምቡርግ ከቀረቡት 18 ተከሳሾች 14ቱ ሞት ተፈረደባቸው፤ አብዛኞቹ በየካቲት 1948 ሃመልን ላይ ተሰቀሉ።

ይህን ስጽፍ ሌሎች ምርኮኞች ትዝ ይሉኛል። ሙሶሊኒ በሰኔ 1936 የሚማረኩ «ዐመፀኞች» ሁሉ እንዲረሸኑ በቴሌግራም አዞ ነበር። ደጃዝማች አበራ ካሳና ወንድማቸው አስፋወሰን ምሕረት ተብለው ፍቼ ላይ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተገደሉ። ራስ ደስታ ዳምጠው በየካቲት ተይዘው ተረሸኑ። ያለ ስም የወደቀውን ገበሬ ተዉት። ኢትዮጵያ የወንጀለኞቹን ስም ዝርዝር ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ያቀረበችው የሃመልን ገመድ በተዘረጋበት በዚያው 1948 ዓመት ነው፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒ ከዝርዝሩ ነበሩ። አንዳቸውም ለፍርድ አልቀረቡም። ግራዚያኒን በ1950 የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት የፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለተባበረ ነው፤ ከዚያም በወራት ውስጥ ተለቀቀ። ለአምሳዎቹ የተደረገው ፍርድ በዛ የሚል የለም፤ ልክ ነበር። ልኩ ግን ለአምሳዎቹ ብቻ ነው የተቆረጠው።

ከኢትዮጵያ ውጭም ብንመለከት ሚዛኑ ያው ነው። በጀርመን እጅ ከወደቁት 5.7 ሚሊዮን ገደማ የሶቪየት ወታደሮች 3.3 ሚሊዮን ያህሉ በረኀብ፣ በብርድና በጥይት እንዳለቁ የታሪክ ምሁራን ይገምታሉ። የሶቪየት ምርኮኞች በዚያው በዛጋን አጠገብ ነበሩ። ከቀይ መስቀል እሽግ የወተት ቆርቆሮ የሚደርሰው ምርኮኛና ሣር የሚበላ ምርኮኛ ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ነው።

ፊልሙ መዝጊያው ላይ ለአምሳዎቹ መታሰቢያ መሆኑን ይጽፋል። ከተያዙት የተረፉት ሃያ ሦስቱ ተበታተኑ፤ ወደ ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ከተላኩት አራቱ፣ አመል ሆኖባቸው፣ በመስከረም 1944 እዚያም ዋሻ ቆፍረው ወጥተዋል፤ ተመልሰው ቢያዙም። በካምፑ የቀሩት ጓደኞቻቸው ከአስተዳደሩ ፈቃድ አግኝተው ለሟቾቹ የድንጋይ መታሰቢያ ሠሩ። አመዱ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፖዝናን የወታደሮች መካነ መቃብር ተዛውሯል፤ ድንጋዩ ግን ዛሬም ዛጋን አለ።